የመርጋ ዓሣና የሆራው ውሃ

ካላመናችሁኝ መብታችሁ ነው፤ እኔ ግን በቦታው ነበርኩ። ጥቅምት 1962 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት፣ ነቀምቴ፣ ባኬ ጃማ ሰፈር። ጠራራ ፀሐይ ነበር።

ታናሽ እህቴ ቀለሟ «ድርቤ፣ ቶሎ ድረሽልኝ» ብላ ልካብኝ ከሲሬ በአውቶቡስ መጣሁ።

በሩን የከፈተልኝ ባሏ መርጋ ነው። ምጽዋ፣ ባሕር ኃይል ያገለገለ ሰው ነው። ጡረታ ሲወጣ በመስታወት ገንዳ አንድ ትንሽ የባሕር ዓሣ ይዞ መጣ... እንደ ሰፌድ ጠፍጣፋ፣ ጅራቱ ላይ መርዛም እሾህ ያለው።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ሰውየውን አምኜው አላውቅም።

«ቀለሟ የለችም» አለኝ በሹክሹክታ። «አንቺ ጋ፣ ሲሬ ሄዳለች።»

«መቼ?»

«ዛሬ... ጠዋት።»

ጫማዋ በሩ ሥር ነበር። ያላት ጫማ ደግሞ እሱ ብቻ ነው።

ምን አድርጓት ይሆን? ገፍቼው ገባሁ።

ገንዳው ሳሎን ውስጥ ነው። መርጋ በየሰዓቱ በብስክሌት ጎማ መንፊያ አየር ይነፋበት ነበር። አሁን መንፊያው አቧራ ለብሷል።

ዓሣው ግን አለ... ነጭ ሆዱን መስታወቱ ላይ ለጥፎ። አፉ እዚያው ሆዱ ላይ ነው። ይከፈታል፣ ይዘጋል።

«ለውሃው ከምጽዋ ያመጣሁት የባሕር ጨው አለቀ» አለ መርጋ። «እኔ ሳልኖር ቀለሟ ከሆራው ምንጭ ውሃ ቀድታ ሞላችበት።»

አልፈረድኩባትም። በእኛ አገር ከብት የሚወፍረው ጨዋማውን ሆራ ጠጥቶ ነው፤ እኔም ብሆን ያንኑ አደርግ ነበር።

«እና?»

«መሞት ነበረበት። አልሞተም። ከሷ በቀር ከማንም አይበላም... ማሎ ድርቤ፣ እባክሽ ተመለሽ።»

«እህቴን ሳላይ?»

የጓዳው መጋረጃ ተገለጠ።

ቀለሟ ናት። በባዶ እግሯ። እፎይ ብዬ ማልቀስ ቃጣኝ።

«አካም ጂርታ፣ እህቴ» ብላ ሰላም አለችኝ። ድምፅዋ የራሷ ነው። ግን አልሳመችኝም።

«ለምን ዋሸኸኝ?» አልኩት መርጋን።

«እንዲህ ሆና ሳታዪያት እንድትሄጂ ብዬ» አለ ወለል ወለሉን እያየ።

ቀለሟ ቁራጭ ሥጋ ይዛ ወደ ገንዳው ጎንበስ አለች። በእጇ የምታበላው መስሎኝ ነበር። ሥጋውን በጥርሷ ያዘች... ፊቷን እስከ ጆሮዋ ውሃው ውስጥ ከተተች።

ጠበቅኩ።

በልቤ መቁጠር ጀመርኩ። መቶ... ሁለት መቶ...

ዓሣው ፊቷ ላይ ተለጥፏል። አንድ አረፋ እንኳ አልወጣም።

«ቀለሟ...»

ፊቷን ሳታወጣ፣ በግራ እጇ ወደ ኋላ ዳብሳ የኔን እጅ ያዘች። ይህን ያህል ሳትተነፍስ ቆይታም፣ እጇ እንደ ድሮው ይሞቅ ነበር።