የጩጬ አራት ጣቶች

ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ ነው። እኔ ግን በገዛ እጄ ላይ ያየሁትን ነው የምነግራችሁ።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነበር። በጠራራ ፀሐይ። በምሠራበት ላውንድሪ ቤት፣ ትልቁ የአንሶላ መተኮሻ ፊት ቆሜያለሁ።

ማሽኑ ሁለት ሰው ይፈልጋል። አንዷ አንሶላውን ትዘረጋለች፣ ሌላዋ ክዳኑን ትጭናለች። ከመጫኗ በፊት "እጅ!" ትላለች። የዘረጋችው "ወጣ!" ካላለች ክዳኑ አይወርድም።

የምትዘረጋልኝ ታናሽ እህቴ ነበረች። ጩጬ ነበር የምላት። በልጅነቷ በር ቆርጦባት የቀለበት ጣቷ የለም። "ባል ቢመጣ ቀለበቱን የት ሊያደርግልኝ ነው?" እያለች ታስቀኝ ነበር።

እኔ ባጠፋሁ ቁጥር ደግሞ የእማዬን ጉንጭ ይዛ "ለእኔ ስትይ ማሪያት" ትላታለች። እማዬም እሺ ነው የምትላት።

አንድ ቀን "እጅ" ሳልል ጫንኩት።

ስልክ እያወራሁ ነበር... ምነው እጄን በቆረጠው!

የጩጬ እጅ ተቃጠለ። ቁስሉ አመረቀዘ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ሞተችብኝ።

ለእማዬ ግን "ጠርቻት ነበር፣ 'ወጣ' ብላኛለች" አልኳት። ጥፋቴን በሟች ላይ ለጠፍኩት።

እና ከሞተች በኋላ፣ መጀመሪያ ባልኳችሁ ቀን፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ... አንድ ነገር የእጄን አንጓ ለበለበኝ።

ማሽኑ አልበራም። አጠገቤም ማንም የለም።

እጅጌዬን ሰበሰብኩ። ውሃ የቋጠሩ ትንንሽ እብጠቶች።

የአውራ ጣት... የሌባ ጣት... የመሃል ጣት...

ከዚያ ባዶ።

ከዚያ የትንሿ ጣት።

"ጩጬ?" አልኩ በሹክሹክታ።

እጅጌዬን መልሼ አወረድኩት።

በማግስቱም በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ቦታ። ሐኪም ቤት ሄድኩ። ሐኪሟ አየችና "ማነው እንዲህ ጨምድዶ የያዘሽ?" አለችኝ።

በሦስተኛው ቀን ያዘኝና ጎተተኝ። ወደ በሩ... ወደ ቤት በሚወስደው መንገድ...

እያለቀስኩ ሄድኩ። እማዬ የጩጬን ልብሶች እያጣጠፈች ነበር።

"እማ... አልጠራኋትም።"

"ምን?"

"'እጅ' አላልኳትም። ዋሽቼሻለሁ።"

የያዘችው ሹራብ ከእጇ ወደቀ።

"ከፊቴ ጥፊ!"

አስወጥታኝ በሩን ዘጋችው። ደጅ ላይ ተቀምጬ አነባሁ። እህቴንም እናቴንም በአንድ እጄ ያጣሁ እኔ ነኝ። አንጓዬን ሳየው እብጠቶቹ የሉም። ጥርግ ብለው ጠፍተዋል።

ያኔ ከውስጥ የእማዬ ድምፅ ተሰማኝ። ቀስ ብላ ከሰው ጋር ታወራለች።

"እሺ... እሺ የኔ እናት... ለአንቺ ስል..."

ቤት ውስጥ ከእሷ በቀር ሰው የለም።

በሩ ተከፈተ። እማዬ እንባዋ እየወረደ ቆማለች።

"ነይ ግቢ፣ ልጄ። ምሬሻለሁ።"

ቀና ብዬ አየኋት።

ጉንጯ ላይ ውሃ የቋጠሩ አራት እብጠቶች ነበሩ። የቀለበት ጣት ቦታው ባዶ ነው።