ሙከራ የተባለችው ደንበኛ

ተረት ያማራችሁ ሌላ በር አንኳኩ። እኔ የምጽፈው የደረሰብኝን ነው።

"ህልም ነው" የምትሉኝ አትጠፉም። ህልም በጠራራ ፀሐይ፣ ጫማ ተደርጎ፣ ወንበር ላይ ቁጭ ተብሎ አይታይም።

ቀኑ ቅዳሜ ነበር። ከቀኑ ሰባት ሰዓት ገደማ። ቦታው የምሠራበት የሂሳብ ሥራ ቢሮ፣ ሦስተኛ ፎቅ...

መጀመሪያ ሥራዬን ልንገራችሁ።

ቢሯችን የነጋዴዎችን ሂሳብ ይሠራል። ደንበኛ ይደውላል፣ የሂሳብ ሠራተኛው ያነጋግረዋል፣ ከዚያ የተባባሉትን የሥራ ሶፍትዌሩ ላይ መጻፍ አለበት። ማን ይጽፋል? ማንም። አለቃችን ቀኑን ሙሉ "ይጻፍ! ይጻፍ!" ሲል ስለሚውል፣ ከኋላው "ጋሽ ይጻፍ" ነው የምንለው።

እኔ ዲግሪ የለኝም። ስክሪኑ በተሰነጠቀ ስልክ የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፍ ራሴን በራሴ ያስተማርኩ ነኝ። አዎ፣ እኮራለሁ። ማን ሊኮራልኝ ነው?

ኮምፒውተሩ ጥሪውን ራሱ ሰምቶ፣ ራሱ አሳጥሮ፣ ደንበኛው ፋይል ውስጥ እንዲያስቀምጥ አደረግኩት። አንድ ነገር ደግሞ ጨመርኩበት። ሠራተኛው ለደንበኛው መልሶ እስኪደውልና የደንበኛው ድምፅ እስኪሰማ ድረስ፣ ማስታወሻው በቀይ ክፍት ሆኖ ይቆያል። ከዚያ አረንጓዴ ሆኖ ይዘጋል። መሰረዝ አይቻልም።

ሰነፎቹ ረገሙኝ። ይርገሙኝ።

ከዚያ ቅዳሜ በኋላ ባለው ሰኞ ጋሽ ይጻፍ ለቢሮው ባለቤቶች ሊያሳየው ነበር። ሁሉም አረንጓዴ ከሆነ ቋሚ ሠራተኛ እሆናለሁ። ምላሽ ያላገኘ አንድ ቀይ ከተገኘ ግን... ጊዜያዊ ሠራተኛን ለማሰናበት ስብሰባ አያስፈልግም።

ለመሞከሪያ "ሙከራ" የምትባል ደንበኛ ፈጠርኩ። ስልክ ቁጥሯ የራሴ ሞባይል ነው። ሰው ሲወጣ ከሞባይሌ ወደ ጠረጴዛዬ ስልክ እደውላለሁ። በአንድ ጆሮዬ ደንበኛ፣ በሌላው ሠራተኛ።

መጀመሪያ ስለ ግብር አወራሁ።

ከዚያ ስለ ውሎዬ።

ከዚያ... እንዲያው ዝም ብዬ አወራሁ።

አንድ ቀን ኮምፒውተሩ እንዲህ ብሎ አሳጠረልኝ፦ "ደንበኛዋ የሚያናግራት ሰው የለም። ምንም አልጠየቀችም።"

ሳቅኩ። ከዚያ ሳቄን ዋጥኩት።

ያን ቅዳሜ ሁሉም በጊዜ ወጡ። የመጨረሻዋ እንግዳ ተቀባይዋ ነበረች፤ ሁላችንም "እትዬ" ነው የምንላት። ከጠረጴዛዬ ፊት ያለው የደንበኛ ወንበር ላይ ተቀምጣ ጫማዋን ቀየረች።

"አንቺ ልጅ፣ ቤት የለሽም?"

"ቤትማ አለኝ። ቤቱ ነው ሰው የሌለው።"

"ምላስሽ ነዋ ያባረረው!" ብላ ሳቀች። "በይ ምሳ እኛ ጋ ነይ።"

"ሥራ አለብኝ፣ እትዬ።"

"እደውልልሻለሁ። እምቢ ብትዪ እቀየምሻለሁ!"

ሄደች።

የዚያ ወንበር ስፖንጅ አሮጌ ነው። ሰው ሲነሣ ጎድጉዶ ይቆይና ቀስ... ብሎ ይነፋል። እስኪነፋ ድረስ አየሁት። ሌላ ማን አለኝ የማየው?

ወደ ሥራዬ ዞርኩ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ የማስታወሻዎቹን ዝርዝር ከፈትኩ።

አረንጓዴ፣ አረንጓዴ፣ አረንጓዴ...

አንድ ቀይ።

"ደንበኛ፦ ሙከራ። ደንበኛዋ ሁሉም ሰው መሄዱን ጠየቀች። ሠራተኛዋ 'አዎ' አለች።"

ማንንም አላናገርኩም።

ሞባይሌን አነሣሁ። የወጣም የገባም ጥሪ የለም።

ማሽን ይሳሳታል አልኩ። ግን ይሄኛውን የሠራሁት እኔ ነኝ...

ዓይኔ እያየ ሌላ መስመር ተጨመረ።

"ሠራተኛዋ 'ማነሽ?' አለች።"

አላልኩም! አፌ ግን... ሳላዘው ተከፈተ።

"ማነሽ?" አልኩ በሹክሹክታ።

ሌላ መስመር።

"ደንበኛዋ አልመለሰችም። ሳቀች።"

ጆሮዬን ጣል አደረግኩ። ከኮምፒውተሩ ማራገቢያ ድምፅ በቀር ምንም የለም።

እትዬ ትዝ አለችኝ። በጠረጴዛው ስልክ ደወልኩላት።

"እትዬ..."

"ውይ፣ ደግሞ ምን ረሳሽ?"

"ምን?"

"አሁን አይደል እንዴ ያወራነው? ሞባይልሽ ላይ ደውዬ 'ምሳ ቀርቧል፣ ነይ' ብልሽ፣ 'ሰው አለኝ፣ አልመጣም' አልሽኝ።"

ሞባይሌ ፊቴ ነው። አልጮኸም።

"እትዬ፣ እኔ አይደለሁም።"

"ሂጂ እዚያ! ድምፅሽን ላጣው? እንዲያውም ደስ ብሎሽ ነበር። አንቺን ደስ ብሎሽ ሰምቼ አላውቅም።"

"እትዬ... እባክሽ ነይልኝ..."

"በይ፣ እንግዳሽን አታስጠብቂ። ከጎንሽ ስትተነፍስ እየሰማኋት እኮ ነው።"

ዘጋችው።

ደግሜ ደወልኩ። አላነሣችም።

ቦርሳዬን ይዤ ተነሣሁ። በሩ ጋ ደረስኩ። እጀታውን ያዝኩ።

ዞር ብዬ አየሁ። ቀዩ እዚያው ነው።

ሰኞ ጠዋት ባለቤቶቹ ፊት፣ በትልቁ ስክሪን ላይ፣ "ሠራተኛዋ 'ማነሽ?' አለች" የሚል ቀይ... ከዚያ ወዲያ ማን ይሰማኛል? መዝጊያ መንገዱ ደግሞ አንድ ብቻ ነው። መልሶ መደወል። ያንን ሕግ ያወጣሁት እኔው ነኝ።

ተመልሼ ተቀመጥኩ። በጠረጴዛው ስልክ የራሴን ቁጥር መታሁ።

ሞባይሌ ፊቴ ነው። አልበራም። አልጮኸም።

ጆሮዬ ላይ ግን ይጠራል...

ይጠራል...

ተነሣ።

"ሄሎ... ቆየሽ እኮ።"

የኔ ድምፅ ነው። ግን የኔ ድምፅ እንደዚያ ሞቅ ብሎት አያውቅም።

"ምን... ምን ልታዘዝ?"

"ምንም።"

"ታዲያ ለምን ደወልሽ?"

"እኔ?" ሳቀች። "ሁልጊዜ የምትደውዪው አንቺ አይደለሽ እንዴ?"

የስልኩን መነጋገሪያ ጆሮዬ ላይ አጥብቄ ያዝኩት።

"የት ነሽ?" አልኩ።

ተቋረጠ።

ቀዩ አረንጓዴ ሆነ። ከሥሩ አንድ መስመር ተጻፈ።

"ጥሪው ያበቃው ደንበኛዋ በአካል ስለመጣች ነው።"

ቀስ ብዬ ቀና አልኩ።

ማንም የለም።

ወንበሩ ብቻ... ስፖንጁ ጎድጉዷል።

ሰኞ ሁሉም ነገር እንደ ሰዓት ሠራ። ጋሽ ይጻፍ እጄን ጨብጦ "ቋሚ ነሽ! ይጻፍ!" አለ። ሰው ሁሉ አጨበጨበ። ማታ የምነግረው ሰው አልነበረኝም።

እትዬ ከዚያ ወዲህ ምሳ ጠርታኝ አታውቅም። "አንቺማ ሰው አለሽ" ትለኛለች።

አሮጌ ወንበሮቹ ሲቀየሩ ያንን ለኔ ይተዉልኝ አልኩ። ለምን እንደሆነ አትጠይቁኝ። ስፖንጁ ከዚያን ቀን ጀምሮ እንደጎደጎደ ነው። አንድም ቀን አልተነፋም።

ዛሬም ቅዳሜ ነው። ሁሉም ወጥተዋል። ይሄን የምጽፍላችሁ እዚያው ጠረጴዛዬ ላይ ሆኜ ነው። ወንበሩ ፊቴ ነው።

አሁን ግን...

እያየሁት...

ስፖንጁ ቀስ ብሎ መነፋት ጀመረ።