የሸጊቱ ዶሮዎችና የእንግዳው ሞት

ሽማግሌዎች ሬሳውን ለመገነዝ ደጅ ላይ ቆመዋል፤ ወይዘሮ ሸጊቱ ግን ጎረቤታቸው ይታያል ሳይመጣ ማንም ባላቸውን አቶ እንግዳውን ንክች እንዳያደርግ ብለው በሩ ላይ ተቀምጠዋል። ይታያል ጎንደር ሳለ የፖሊስ መርማሪ ነበር። ዛሬ በሱዳኗ ገዳሪፍ ርክሻ የሚሉትን የባጃጅ ጎማ ይለጥፋል። ሥራው ቢለወጥም ዓይኑ አልተለወጠም፤ «ጠርጥር፣ ከገንፎም ውስጥ አለ ስንጥር» የሚለው ተረት ለእሱ የተተረተ ይመስላል።

«የኔ ልጅ፣» አሉት ሸጊቱ፣ «እንግዳው ማታ ደኅና ነበረ። የገደለውን ሳላውቅ አፈር አላለብሰውም።»

ይታያል ገብቶ የሟቹን የዓይን ቆብ ገለጥ አደረገ። ብሌናቸው ጠቦ የመርፌ ቀዳዳ አክሏል። በከንፈራቸው ጠርዝ ለሃጭ ደርቋል፤ ሸሚዛቸው በላብ ርሶ ደርቋል። እንዲህ ያለ ሞት መተማ ውስጥ አይቷል፤ የሰሊጥ ተባይ መድኃኒት ሲረጩ የዋሉ የቀን ሠራተኞች እንዲህ ሆነው ይሞቱ ነበር።

«እማ፣ ጋሼ ሰሞኑን ምን ይሠሩ ነበር?»

«ምን ይሠራል፤ እኔን ያጽናና ነበር እንጂ። ቅማል ዶሮዎቼን ሲጨርሳቸው፣ ያ የተከራያችን አውራ ዶሮ ደግሞ የቀሩትን ሲቦጫጭቅብኝ ቁጭ ብዬ ሳለቅስ አየኝ። ‹አይዞሽ፣ መላ አላጣም› አለኝ። የእርሻ መድኃኒት ነስንሽባቸው ያሉኝ ነበሩ፤ እኔ ግን መርዝ ከግቢዬ አይገባም ብያለሁ።»

በግቢው ከባልና ሚስቱ ሌላ የሚኖሩት ሁለት ናቸው፤ የሸጊቱ ወንድም ዓለምነውና አንዲቱን ክፍል የተከራየው ሃፍቱ የሚባል የትግራይ ስደተኛ። ዓለምነውን መጠየቅ እንኳ አላስፈለገም።

«ምን ምርመራ ያሻዋል?» አለ። «ማታ አራታችንም ከአንድ ማንቆርቆሪያ የፍየል ወተት ጠጣን። የቀዳው ሃፍቱ ነው። የሚሠራው የእርሻ መድኃኒት መጋዘን ውስጥ ነው። በዚያ ላይ በአውራ ዶሮው የተነሳ ከጋሼ ጋር ተጣልቶ ነበር። ኻላስ፣ አለቀ፤ ሹርጣ ጠርተን ለፖሊስ እናስረክበው።»

ስልኩን አውጥቶ ይዟል። ሃፍቱ የመኖሪያ ወረቀት የለውም፤ በዚህ የጦርነት ጊዜ ወረቀት የሌለው ስደተኛ ፖሊስ እጅ ከገባ መግባቱ እንጂ መውጣቱ አይታወቅም። ይታያል ይህን ስለሚያውቅ ጥያቄውን አፈጠነ።

«በምን በምን ጠጣችሁ?»

«እኛ በብርጭቆ፣ ጋሼ በአልሙኒየም ኩባያቸው። በእሷ ከእሳቸው በቀር ማንም አይጠጣም።»

ወተቱ አንድ፣ ጠጪው አራት፣ የሞተው አንድ። እንግዲያስ መርዙ የነበረው ኩባያዋ ላይ ነው። ይታያል አንሥቶ ወደ ብርሃን አገላበጣት። እንደ አዲስ ታበራለች፤ ከንፈሯ በተጠቀለለበት ስንጥቅ ውስጥ ግን ግራጫ ነገር ተጠቅጥቋል።

ወደ ጓሮ ዞረ። ዶሮዎቹ ከቆጣቸው ሥር አመድ በፈሰሰበት ጉድጓድ ይንደባለላሉ፤ ቅማል እንዳይበላቸው ሸጊቱ ሁልጊዜ አመድ ያፈሱላቸዋል። አንዷን ይዞ ከጭራዋ በታች ላባዋን ገለጠ። ቅማሉ ላባው ሥር ተለጣጥፎ አለ፤ ግን ሁሉም ሞቷል። አመድ ለብቻው ቅማልን ያሳንስ ይሆናል እንጂ እንዲህ አይፈጅም። ከጉድጓዱ ጠርዝ ደግሞ አንዲት ቀይ ዶሮ ሞታ ተዘርግታለች። ጀርባዋ በአውራው የእግር እሾህ ተቦጭቋል፤ ቁስሉ ላይ እርድ ተነስንሶበታል፤ ከመንቁሯ ለሃጭ ወርዷል። ቆዳቸው ደኅና የሆነው ሲጭሩ ቁስለኛዋ ብቻ ሞታለች።

ይታያል ነገሩ ገባው፤ የገባውን ያህልም ከፋው።

ሃፍቱ ክፍሉ ደጃፍ ላይ ነበር። አውራ ዶሮውን እግሩን አስሮ አጠገቡ አስተኝቶታል።

«መድኃኒቱን የሰጠሃቸው አንተ ነህ» አለው ይታያል።

«ዶሮዬ ስላጠፋ ልክሳቸው ብዬ ነው። ለቅማሉ የሚሆን፣ የሰሊጥ ዘር ተባይ እንዳይበላው የሚታሽበትን ዱቄት ጠየቁኝ፤ ትንሽ አመጣሁላቸው። ለእማ ሸጊቱ እንዳልናገር አስማሉኝ። አመዱ ውስጥ ቀላቀሉት።»

«የትኛው አመድ ውስጥ?»

ሃፍቱ አንገቱን ደፋ። በዚያ ቤት የአመድ ቆርቆሮ አንድ ብቻ ነው፤ ለዶሮውም ለዕቃ ማጠቢያውም።

«አውቀሃል ማለት ነው።»

«ዛሬ ጠዋት ገባኝ። እኔን ይውሰዱኝ፣ ግድ የለም፤ የሚጠብቀኝ ሰው የለም። እማ ሸጊቱ ይህን ሰምተው እንዴት ይኖራሉ?»

ይታያል ያጠፋ ሰው ሲክድ መስማት ለምዷል። ያላጠፋ ሰው ልታሰር ሲል ምን እንደሚባል ግን ያስተማረው አልነበረም።

ሁሉንም ከሣር በተሠራው ራኩባ ጥላ ሥር ሰበሰበ። ምን ያህል እንደሚናገር አስቀድሞ ወስኗል፤ ሃፍቱን ነፃ እስከሚያወጣበት ድረስ ሄዶ እዚያ ይቆማል።

«ሃፍቱ አልገደለም» ብሎ ጀመረ። «የእርሻ መድኃኒት መሆኑ ከዓይናቸው ይታወቃል። ወተቱን ሁላችሁም ስለጠጣችሁ ወተቱ ንጹሕ ነው። የዶሮዎቹ ቅማል በአንድ ቀን አልቋል፤ ቁስለኛዋ ዶሮም እንደ ጋሼ ለሃጯን አዝረክርካ ሞታለች። ስለዚህ መድኃኒቱ አመዱ ውስጥ ነበር። የቀላቀሉትም ራሳቸው ጋሼ ናቸው፣ ለዶሮዎቹ አዝነው። ሃፍቱ ጠይቀውት ሰጣቸው እንጂ ሌላ ነገር አላደረገም። በእጃቸው ነክተውት ይሆናል። የማንም ጥፋት አይደለም።»

ዓለምነው ስልኩን ኪሱ ከተተ። ሽማግሌዎቹ ተነሡ። ይታያል እፎይ ሊል ነበር።

«ቆይ» አሉ ሸጊቱ።

«ይብቃ፣ እማ።»

«አይበቃም። ኩባያዋን ምን ብለህ ነው ያገላበጥካት?»

 ውሸታም መለየት መቻሉ ይታያልን ለመዋሸት አልጠቀመውም።

«ብርጭቆውን በሳሙና፣ ኩባያዋን በአመድ ነው የማጥብ» አሉ ሸጊቱ፣ ቃላቸውን አንድ በአንድ እያወጡ። «የውሃው ካሮ፣ የአህያ ጋሪው፣ ከመጣ ሰንብቷል። አላለቀለቅኋትም፤ በቀሚሴ ጫፍ ወለወልኋት። ስታበራ ደስ ስለሚለው አሽቼ አሽቼ ሰጠሁት። እጄ ከማታ ጀምሮ የሚንቀጠቀጠው ከድካም መስሎኝ ነበር።»

ወደ ሃፍቱ ዞሩ። «አንተስ ይህን እያወቅህ ልትታሰርልኝ ነበር?»

ሃፍቱ አለቀሰ።  ይታያል የሚይዘው ወንጀለኛ፣ የሚጠቅሰው አንቀጽ የለም፤ ባልና ሚስት ተሳስበው አንዱ ሞቷል፣ አንዷ ቀርታለች። ምነው ባልመጣሁ ብሎ ተመኘ።

ሸጊቱ ቀና አሉ።

«ቅማሉ አልቋል ነው ያልከው?»

«አልቋል፣ እማ።»

«ሁሉም?»

«ሁሉም።»

«እንግዲያስ ያሰበው ሆኖለታል» አሉና ሽማግሌዎቹ ገብተው ሬሳውን እንዲገንዙ በእጃቸው ምልክት ሰጡ።