ከቧንቧ የዘነበ ዝናብ

ልጆች፣ ይህን ታሪክ እስከ ዛሬ ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለገዛ ልጆቼ እንኳ። ልናገር አፌን ከፍቼ፣ ፊቴ ቲማቲም ሲመስል መልሼ የዘጋሁበት ጊዜ ብዙ ነው። ዛሬ ግን ዝናቡ ሲወርድ፣ እናንተም ቦት ጫማችሁን በር ላይ ደርድራችሁ ስትገቡ ሳይ፣ «በቃ፣ ለእነዚህ ልንገራቸው» አልኩ። አደራ፣ ስነግራችሁ ፊቴን ብዙ አትዩት።

ቀጮ የምትባል ልጅ ነበረች። ዕድሜዋ ስድስት ዓመት ነው። እንደ ክር ቀጭን ስለነበረች ነው ቀጮ ያሏት። እናቷ እንኳ እውነተኛ ስሟን የምትጠራው ስትቆጣ ብቻ ነበር። ቀጮ የምትኖረው ሁለት ቤቶች ባሉበት ግቢ ውስጥ ነው። እናቷ ልብስ ሰፊ ናት። የስፌት መኪናዋ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጧል፤ ከሥሩ የክር ቁርጥራጭ ጠፍቶ አያውቅም። ያንን መልቀም የቀጮ ሥራ ነው። በሌላኛው ቤት ድንቡሼ ከእናቱ ጋር ይኖራል። የድንቡሼ እናት ሆስፒታል ውስጥ አንሶላ ታጥባለች። ድንቡሼ የቀጮ እኩያ ነው፤ ጉንጩ ክብ፣ ሳቁም ለቅሶውም ቅርብ። በሁለቱ ቤቶች መካከል አንድ ቧንቧ አለ። ይህን ቧንቧ ልብ በሉልኝ።

በዚያ ዓመት ሁለቱም ትምህርት ቤት ሊገቡ ነበር። ከዚያ በፊት ግን ትንንሾቹ በክረምቱ ወራት የሚለማመዱበት ክፍል ተከፈተ። እንዴት ያለ ደስ የሚል ክፍል መሰላችሁ! ዝናብ ስለሆነ ውጭ መሯሯጥ የለም። ስለዚህ አስተማሪዋ፣ ልጆቹ «ቲቸር» የሚሏት፣ ክረምቱን ራሱን መጫወቻ አደረገችው። ልጆቹ ቀዝቃዛው መስኮት ላይ «ሃ» ብለው ይተነፍሱና በጣታቸው ፊደል ይጽፉበታል። ከቅርጫት የተደባለቀ ካልሲ እያወጡ ጥንድ ጥንዱን ያገናኛሉ። እርጥብ ጥጥ ላይ ባቄላ ያበቅላሉ።

ድንቡሼ መጀመሪያ ላይ ይህ ሁሉ አላስደሰተውም። ጠዋት ጠዋት በር ላይ የእናቱን ቀሚስ ጨምድዶ ይዞ «አልገባም!» እያለ ያለቅስ ነበር። ቀሚሱን ያስለቀቀው የዝናብ ጠርሙሱ ነው።

የዝናብ ጠርሙስ ምንድን ነው? ቲቸር ለሁሉም ልጆች አንድ ዓይነት ባዶ የማርማላታ ጠርሙስ አደለች። እንዲህም አለቻቸው፦

«ማታ ግቢያችሁ ውስጥ ታስቀምጡታላችሁ። ከጣራ ሥር እንዳይሆን። ከዛፍ ሥርም እንዳይሆን። ሰማዩ በደንብ የሚያየው ቦታ ፈልጉለት። ጠዋት ክዳኑን ግጥም አድርጋችሁ ታመጡልኛላችሁ።»

«ሰማዩ የኔንም ያየዋል?» አለ ድንቡሼ።

«ያንተንማ እንዴት አያይም!»

ጠዋት ክር ከጠርሙሱ ጎን ይያዝና ውሃው እስከደረሰበት ድረስ ይለካል። ከዚያ ይቆረጥና ግድግዳው ላይ ልጁ ራሱን ከሳለበት ሥዕል ሥር ይለጠፋል። ሰማያዊ ክር ነው። ክሩን የሰጠችው የቀጮ እናት ናት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ድንቡሼ ጠርሙሱን ታቅፎ ከእናቱ ቀድሞ ግቢው በር ላይ መቆም ጀመረ። እናቱም «እሰይ፣ ከልጄ ለቅሶ ገላገለችኝ» ብላ ቲቸርን መረቀቻት።

አሁን ፈተናው እንዴት እንደመጣ ስሙኝ።

አንድ ቀን ከክፍሉ ልጆች አንዷ፣ የሰፈሩ ዳቦ ጋጋሪ ልጅ፣ ጠርሙሷን እስከ አፉ ሞልታ መጣች። ልጆቹ «ውይ! አንደኛ ወጣች!» ብለው ጮኹ።

ቲቸር ሳቀች። «ይሄማ የጣራ ጠፈጠፍ ነው፤ ከጣራ ሥር አስቀምጠሽው ነው። ደግሞስ ልጆች፣ ዝናብ ውድድር የለውም።»

ግን ማን ይሰማል? «አንደኛ» የሚለው ቃል ክፍሉ ውስጥ ገብቶ ቁጭ ብሎ ነበር። ከቀጮ ጆሮማ ጭራሽ አልወጣም። ቀጮ ዓይናፋር ናት። እጇን ስታወጣ እንኳ ጆሮዋ ድረስ ብቻ ነው፤ ማንም አያያትም። «እኔም አንድ ቀን ‘ውይ’ በተባልኩ» ብላ ተመኘች።

በማግስቱ ጠዋት ጠርሙሷን ልታነሳ ወጣች። ውሃው ትንሽ ነበር። ቧንቧው ደግሞ እዚያው አጠገቧ ነው። ግራ ቀኝ አየች። «ትንሽ ብቻ» አለች ለራሷ። ከፈተችው። ቧንቧ ደግሞ ታውቃላችሁ፣ ትንሽ ብቻ አያውቅም፤ ቿ አለና ከግማሽ በላይ ሞላው።

ክፍል ስትደርስ «ውይ! ቀጮ! ቀጮ አንደኛ!» ተባለ። ያ የሚጣፍጥ ቃል! በማግስቱም ጨመረች። በሦስተኛው ቀንም እንዲሁ። ክሯ ግድግዳው ላይ ከሁሉም ረዝሞ ተንጠለጠለ።

ግን አንድ ያላሰበችው ነገር ነበር። የዳቦ ጋጋሪው ልጅ ዓይኗ ፈጣን ነው፤ ምላሷም እንደዚያው።

«ቆይ ቆይ! ድንቡሼና ቀጮ ግቢያቸው አንድ አይደል እንዴ? የሷ እንዲህ ሲረዝም የሱ ለምን አጠረ?»

«አላውቅም» አለ ድንቡሼ።

«ጠጥቶት ነዋ! መንገድ ላይ ጠጥቶት ነው!»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ቲቸር ልጆቹን ዝም አሰኘችና ድንቡሼ አጠገብ ተንበረከከች። «ስትመጣ ፈሶብህ ነው? ቢፈስ ምንም አይደለም፣ የኔ ጌታ። እውነቱን ብቻ ንገረኝ።»

«አልፈሰሰም። አልጠጣሁም።»

ቲቸር ራሷን ነቀነቀች፤ ያመነችው ግን አትመስልም ነበር። ልጆቹም ከዚያን ቀን ጀምሮ «ዝናብ ጠጪው» ይሉት ጀመር። ቀጮስ? ቀጮ ጫማዋን ማየት ያዘች።

ወደ ቤት አብረው ተመለሱ። ግቢው በር ላይ ሲደርሱ ድንቡሼ ቆመ።

«ቀጮ፣ ሰማዩ እናንተን አይቶ እኛን ይዘለናል እንዴ?»

ቀጮ በሩን ገፍታ ወደ ቤቷ ገባች። ምሳም አልበላ አላት። እናቷ ግንባሯን ነካ አድርጋ «ትኩሳት የለሽ፣ ምን ሆነሻል?» አለቻት። «ምንም።» እናንተም «ምንም» ስትሉ እናቶቻችሁ እንደማያምኗችሁ ታውቃላችሁ አይደል?

ማታ አልጋዋ ላይ ሆና አሰበች። አንድ ሐሳብም መጣላት። ጥሩ ሐሳብ መሰላት። «ነገ በጠዋት ለድንቡሼም እጨምርለታለሁ። ክሩ ይረዝማል። መሳቅም ይቀራል። ማንም ምንም አያውቅም።» ከጎኗ የእናቷ የስፌት መኪና ጠ-ጠ-ጠ-ጠ ይላል። ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ዝናብ ይመስላል። ቀጮ ያንን እየሰማች «እየዘነበ ነው» ብላ እንቅልፍ ወሰዳት።

በጠዋት ገና በደንብ ሳይነጋ ተነሳች። በክረምት ግቢው መቼም ጭቃ ነው፤ ዘንቦ ይሁን አይሁን በጨለማው አላየችም። የድንቡሼን ጠርሙስ አንስታ ከቧንቧው ሞላችና ቦታው መለሰችው። የራሷን ልታነሳ ስትል እናቷ ከውስጥ «ቀጮ! ነይ ልበሺ!» ብላ ተጣራች። ሮጣ ገባች።

ያን ቀን ክፍል ውስጥ የሆነውን ስነግራችሁ ፊቴን በእጄ ልሸፍን።

የዳቦ ጋጋሪው ልጅ ጠርሙስ ባዶ ነው። የሌሎቹም ባዶ። የቀጮም ባዶ። ለካ ሌሊቱን ሙሉ አንዲት ጠብታ አልዘነበም! ድንቡሼ ግን ጠርሙሱን በሁለት እጁ ይዞ እየሮጠ ገባ። ፊቱ በራ ብሏል።

«ቲቸር! ቲቸር! ሰማዩ አየኝ! ለኔ ዘነበልኝ!»

ልጆቹ የድንቡሼን ጠርሙስ አዩ፤ የየራሳቸውንም አዩ። ከዚያ ሳቁ ፈነዳ። «ከቧንቧ ቀድቶ ነው! ውሸታም! ውሸታም!»

«አልቀዳሁም! ዘንቦ ነው! ለኔ ብቻ ዘንቦ ነው!»

«ድንቡሼ» አለች ቲቸር ቀስ ብላ፣ «ዛሬ ለማንም አልዘነበም እኮ።»

የበራው ፊት ጠፋ። ልክ መብራት እንደሚጠፋ። ድንቡሼ ጠርሙሱን መስኮቱ ላይ አስቀመጠና እስከ መውጫ ሰዓት ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተቀመጠ። ቀጮ ባዶ ጠርሙሷን ይዛ እዚያው ነበረች። «እኔ ነኝ» የሚለው ቃል ግን ከአፏ አልወጣም። ባዶ ጠርሙስ የያዘን ልጅ ማን ይጠረጥራል?

ማታ የድንቡሼ እናት ወደ ልብስ ሰፊዋ ቤት መጣች። እጇ ከሳሙናው የተነሳ ተጨማዷል። ቀጮ ጠረጴዛው ሥር ክር እየለቀመች ነበር።

«እህቴ፣ ይሄ ልጅ ነገ አልሄድም ብሏል። ከነገ ወዲያም አልሄድም አለ።»

«ምነው? እንዲያውም ወዶት አልነበር?»

«ከቧንቧ ቀድተህ ዘነበልኝ አልክ ብለው ሳቁበት። እኔም ውሸት ተማረ ብዬ ተቆጣሁት፤ ቆነጠጥኩት። ‘አልቀዳሁም’ እንዳለ እያለቀሰ ተኛ።» ሴትየዋ በቀሚሷ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። «እያለቀሰ ጎትቼ አልወስደው ነገር። ትምህርት ቤቱን ለከርሞ ይግባ ብዬ ልተወው ነው።»

ለከርሞ! ቀጮ የለቀመችው ክር ሁሉ ከእጇ ወደቀ። እሷ ደብተር ይዛ ስትሄድ፣ ድንቡሼ ግቢው በር ላይ ቆሞ ሲያያት ታያት። ያውም ባልሠራው ጥፋት።

ያን ማታ ከክፍል ይዛለት የመጣችውን የድንቡሼን ጠርሙስ ውሃውን ደፍታ ከራሷ ጎን ግቢው ውስጥ አስቀመጠች፤ ከዚያም ጸለየች። ጸሎቷን ብነግራችሁ ትስቁባታላችሁ። «እግዚአብሔር ሆይ፣ ዛሬ ሌሊት ብዙ ብዙ ዝናብ አዝንብና ሁሉም ሰው ይርሳው» አለች። ዝናቡማ ዘነበ፤ ጣራው እስኪንቀጠቀጥ ዘነበ። ሆዷ ውስጥ ያለው ነገር ግን አልታጠበም። ስለዚህ ተነስታ ተቀመጠችና እንደገና ጸለየች፦ «እሺ፣ አይርሱት። እንድናገር ብቻ አግዘኝ።»

በማግስቱ ጠዋት ቀጮ ወደ ግቢው ወጣች። ቧንቧውን ዞር ብላም አላየችው። የሷንም የድንቡሼንም ጠርሙስ ክዳናቸውን ገጥማ አነሳችና የጎረቤቷን በር በክርኗ አንኳኳች። የድንቡሼ እናት ከፈተች። ድንቡሼ ከኋላዋ ብርድ ልብስ ተከናንቦ ቆሟል።

«እትዬ፣ እሱ አልቀዳም» አለች ቀጮ። ድምፅዋ ከውሃ ጠብታ አይበልጥም። «እኔ ነኝ የቀዳሁት። በፊት ለራሴ ቀዳሁ። ትናንት ደግሞ ለሱ። እንዳይስቁበት ብዬ ነበር።»

የድንቡሼ እናት አልጮኸችም። ዞር ብላ ልጇን አቀፈችው። የቆነጠጠችውንም ቦታ ደግማ ደጋግማ ሳመችው። ድንቡሼ ከእቅፏ ውስጥ ሆኖ አንገቱን ብቅ አደረገ።

«ታዲያ ሰማዩ አልዘለለኝም?»

«አልዘለለህም። ያንተና የኔ ሁልጊዜ እኩል ነበር። ይቅርታ አድርግልኝ።»

ድንቡሼ ብርድ ልብሱን ጣለ። ከዚያ ቦት ጫማውን ሊያደርግ ቁጭ አለ። ከመቸኮሉ ብዛት የግራውን በቀኝ አድርጎት ነበር።

ክፍል ስትገባ ቀጮ ወደ ቦታዋ አልሄደችም። ለመጀመሪያ ጊዜ እጇን ከራሷ በላይ አወጣች። ለድንቡሼ እናት የነገረቻትን ለሁሉም ነገረች። ከዚያ ወንበር ላይ ወጥታ የራሷን ረጃጅም ክሮች ከግድግዳው ላይ አንድ በአንድ ላጠቻቸው። ማንም «ውይ» አላለም። ቲቸር ግን መጥታ ድንቡሼ ፊት ተንበረከከች። «ሳላምንህ ቀርቼ ነበር። ይቅርታ አድርግልኝ» አለችው። የዳቦ ጋጋሪው ልጅ ዝም ብላ ማለፍ አልሆነላትም። «እንግዲያው ቀጮ ‘ዝናብ ቀጂዋ’ ናት!» አለች። መጀመሪያ የሳቀው ድንቡሼ ነው። ቀጥሎ ቀጮ ራሷ ሳቀች፤ እያለቀሰች።

ሁለቱን ጠርሙሶች ጎን ለጎን አስቀመጡ። ቲቸር አንድ ክር ዘርግታ ለሁለቱም ለካች። ልክ እኩል ነበሩ። ቀጮ ክሩን በገዛ እጇ ቆርጣ ከድንቡሼ ሥዕል ጀምራ እስከ ራሷ ሥዕል አጋድማ ለጠፈችው።

ያቺ ቀጮ ዛሬ የት ናት ብላችሁ እንዳትጠይቁኝ፤ ፊቴን አትዩ ያልኳችሁም ለዚሁ ነው።

ልጆች፣ ያጠፋነውን ጥፋት በሌላ ድብቅ ሥራ አንሸፍነው፤ ይበልጥ ይከፋል፤ የሚያስተካክለው እውነቱን መናገርና ይቅርታ መጠየቅ ነው።