መርፌን ፍለጋ

ጀልባዋ ከዳር ስትላቀቅ ጉሙ ገና ከወንዙ ላይ አልተነሣም ነበር። የወፍ ተመራማሪዋ ዶክተር ከፊት ቆማ ረጅሙን ዘንግ ከወንዙ ወለል ላይ እየተከለች ትገፋለች፤ ባሏ ከኋላ ተቀምጦ ይቀዝፋል። ጋዜጠኛው መሀል ላይ የድምፅ መቅጃውን ቦርሳ ትከሻው ላይ አንግቶ፣ ጉልበቱን ከአገጩ አጋጥሞ ተጎልቷል። ዋና እንደማይችል የተናገረው ከዳሩ ከራቁ በኋላ ነው።

«አይዞህ፣ እኔም አልችልም» አለው ባልየው። «እሷ ታወጣናለች። መጀመሪያ ግን ዕቃውን ነው የምታወጣው፤ ከወዲሁ እወቀው።»

ዶክተሯ ሳትዞር ሳቀች። ሳቋ ጉሙ ውስጥ ገብቶ ቀረ፤ ከዚያ በኋላ የሚሰማው ከዘንጉ ጫፍ የሚንጠባጠበው ውሃ ብቻ ሆነ። ግራና ቀኙ አይታይም። ወደ ላይ እየሄዱ ይሁን ባሉበት እየተንሳፈፉ መለየት ያስቸግር ነበር፤ ጋዜጠኛው ገና አልጋው ላይ ተኝቶ ይህን ሁሉ የሚያልመው መሰለው።

ሳይንቲስቶችን ስለ ሥራቸውና ስለ ኑሯቸው የሚያነጋግር የሬዲዮ ፕሮግራም አለው። ሳህን እያጠበ ስለ ከዋክብት ያወራውን ሰውዬ፣ ትምህርት ቤት በር ላይ ልጇን እየጠበቀች ስለ ወባ ትንኝ አንጀት የተረከችውን ሴትዮ አድማጭ የሚያውቃቸው በእሱ ነው። ሰው ማናገር ይችልበታል። ዝም ማለት ግን አልፈጠረበትም። እንግዳው ሲናገር እሱ ከሥር «እሺ፣ እሺ፣ እሺ» ይላል፤ እንግዳው ትንፋሽ ሊወስድ ካቆመ ሌላ ጥያቄ ይወረውራል። ጣቢያው ውስጥ ስሙን ትተው እሺ-እሺ ይሉታል። የድምፅ ቴክኒሻኑማ በእሱ ምክንያት ሊያብድ ምንም አልቀረው። «ያንተን እሺ ቆርጬ ሳወጣ ቀዳዳውን በምን ልድፈነው?» ብሎ ጮኾበት ያውቃል። በመጨረሻ ከእያንዳንዱ ጭውውት በኋላ የቦታውን ዝምታ አንድ ደቂቃ ያህል ቀድቶ እንዲያመጣለት አዘዘው። የወጥ ቤት ዝምታ አለ፣ የቢሮ ዝምታ አለ፣ የመኪና ውስጥ ዝምታም አለ፤ አንዱ ከሌላው አይገጥምም። ቴክኒሻኑ ቀዳዳውን የሚጥፈው በዚያ ነው።

ባልየው ይህን ሲሰማ ደስ አለው። ዕድሜውን ሙሉ ልብስ ሲሰፋ ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። «ለካ እናንተም እራፊ አላችሁ» አለ።

የሚሄዱት አንዲት ወፍ ፍለጋ ነው። ትንሽ ናት፣ አመድማ ናት፣ ከቅጠል ስለማትወጣ ዓይቻታለሁ የሚል ሰው የለም፤ የምትታወቀው በድምጿ ብቻ ነው። ድምጿ ከመቅጠኑ የተነሣ ዶክተሯ በወጣትነቷ መርፌ ብላ ስም አወጣችላት። ከወንዙ በላይ ያለው ጫካ እስከ ዛሬ መጋዝ ያልገባበት መርፌ እንዳትጠፋ ተብሎ ነው። ዶክተሯ ግን መርፌን ከሰማች ብዙ ክረምት አልፏል። ድሮ የቀዳችውን ካሴት ሻጋታ በልቶታል፤ ጫካ ውስጥ ሰቅላቸው የነበሩትን መቅጃዎች ደግሞ አይጥ ገመዳቸውን ጨርሶታል። አሁን የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤቱ ወፏ አለች ወይስ የለችም ብሎ ጠይቋታል። ድምጿን የሚያውቅ ሌላ ሰው ስለሌለ የእሷ ቃል የመጨረሻ ነው። የለችም ብላ ከፈረመች እንጨት ቆራጮቹ ይገባሉ።

«ዘንድሮ ካልሰማኋት እፈርማለሁ» አለች። «ሳልሰማ አለች ብዬ አልዋሽም።»

ጋዜጠኛው ማይክሮፎኑን አስጠጋ። «ወፏ ከሌለች እርስዎ ምን ይሆናሉ?»

ዘንጉ ቆመ። ዶክተሯ ጉሙን እያየች ዝም አለች። ጋዜጠኛው ዝምታው ረዘመበትና «ማለቴ፣ ሌላ ጥናት ይጀምራሉ ወይስ…» ብሎ ገባበት።

«አዎ፣ ሌላ ጥናት» አለችና ዘንጉን መልሳ ተከለችው። ሊወጣ የነበረው መልስ ተመልሶ እንደገባ ጋዜጠኛው ታወቀው፤ ከንፈሩን ነከሰ።

ረፋዱን ተራራው ላይ ዝናብ ወረደ። እነሱ ዘንድ ጠብታ ሳይደርስ ወንዙ ቀድሞ ነገራቸው፤ ውሃው ደፈረሰ፣ አበጠ፣ ቅርንጫፍና ሥር እያንከባለለ መጣ። «ወደ ዳር ያዘው!» አለች ዶክተሯ። ባልየው በሙሉ ጉልበቱ ቀዘፈ። ዳሩን ሊነኩት ምንም ያህል ሳይቀራቸው አንድ ግንድ ከጎን መታቸው፤ ጀልባዋ ተንጋደደችና ጋዜጠኛው ውሃ ውስጥ ገባ።

ከሥር ያለው ዓለም አላስፈራውም፤ በኋላም የገረመው ይህ ነው። ቡናማ ብርሃን፣ ዝግ ብሎ የሚሽከረከር ቅጠል፤ የላይኛው ጩኸት ሁሉ ወፍራምና ቀርፋፋ ሆኖ፣ ሰዎች በእንቅልፍ ልባቸው እንደሚነጋገሩ ሆኖ ይደርሰው ነበር። ከዚያ አንድ እጅ መጣ። እጁ ቦርሳውን ከትከሻው ላይ አወለቀና ሄደ። ትንሽ ቆይቶ ተመለሰና ኮሌታውን ጨምድዶ ጎተተው።

ጭቃው ላይ ተንበርክኮ ሲያስል ባልየው ጀርባውን እየመታ «ነግሬሃለሁ» አለው።

የመቅጃውን ቦርሳ ባልየው ለጉዞው ብሎ በሰም ከተነከረ ሸራ ነበር የሰፋው፤ ውሃ ጠብ አላለበትም። ጀልባዋን ከዛፍ አስረው ጫካውን በእግር ተያያዙት። ዛፎቹ ጢም አብቅለዋል፤ መሬቱ በእርጥብ ቅጠል ስለተሸፈነ ኮቴ አይሰማም። ዶክተሯ በየሸንተረሩ ትወጣለች፣ ዓይኗን ጨፍና ትቆማለች፣ ራሷን ትነቀንቅና ትወርዳለች። ከሸንተረሮቹ እያንዳንዱን እንዲህ ተሰናበተችው።

ፀሐይ ስትጠልቅ ባልየው የሰፋውን ሸራ ወጥረው ከሥሩ ተቀመጡ። ያኔ ፌንጣው ጀመረ። ከመሬቱም ከዛፉም እኩል ተነሥቶ ጫካውን በፉጨት ሞላው፤ ጋዜጠኛው ጆሮውን እስኪያሳክከው ድረስ።

ዶክተሯ ጉልበቷን አቅፋ «ጫካው ዘንድሮ ምን ያህል ዝም ብሏል» አለች።

«ጭጭ ነው ያለው» አለ ባልየው።

ጋዜጠኛው ግራ ገባው። ቀጥሎ ግን ገጣሚነቷ ነው፣ ሐዘኗ ነው አለ በልቡ፤ የምትወዳት ወፍ ከሌለች ይህ ሁሉ ጩኸት ለእሷ ዝምታ ነው። ፕሮግራሙን በዚህ እከፍታለሁ ብሎ አሰበና ደስ ብሎት ተኛ።

ጠዋት የመጨረሻውን ሸንተረር ጀመሩ። ቀርከሃው መሀል ሲደርሱ ዶክተሯ ክንዷን ዘረጋች። ከፊታቸው ጎሽ ቆሟል፤ ቀንዱ ላይ ጭቃ ደርቋል፣ ከአፍንጫው እንፋሎት ይወጣል። እነሱን ያያል። «እንዳትንቀሳቀሱ» አለች በትንፋሿ። ጎሹ አጉረመረመ። ጋዜጠኛው በገዛ ጆሮው የገዛ አፉን ሰማው፤ «እሺ» ይላል። ጎሹ ጆሮውን አቆመና አንድ እርምጃ ቀረበ። የዶክተሯ መዳፍ አፉ ላይ አረፈ፤ ጭቃና ሳሙና ይሸታል። እንደዚያ ሆነው ቆሙ። ጎሹ ሲበቃው ቀርከሃውን እየሰበረ ሄደ።

«ጎሹን ደግሞ ስለ ኑሮው ልትጠይቀው ነበር?» አለ ባልየው።

ሳቃቸው ሳያልቅ ከላይ የሞተር መጋዝ ተነሣ።

ቆራጮቹ ቃሏን ሳይጠብቁ ገብተዋል። አናቱ ላይ ሲደርሱ አንድ ትልቅ ዛፍ ወድቆ፣ ሁለተኛው ወገቡ ላይ ቀይ ቀለም ተቀብቶ ቆሟል። መጋዝ የያዘው ጎረምሳ ሊጀምረው ሲል ዶክተሯ ሄዳ ከዛፉ ጋር ተጣበቀች።

«ይህን ሸንተረር ገና አልሰማሁትም» አለች።

«ዶክተር፣ ዞር ይበሉልኝ» አለ የቆራጮቹ አለቃ፣ ፎርማኑ። ክፉ ሰው አይመስልም፤ የደከመው ሰው ነው። «የእርስዎ ወረቀት ዛሬ ነገ ይደርሳል ብለው ነው የላኩን። ሌላውን ሁሉ ሰምተው ጨርሰዋል አይደል? አገኙ?»

«አላገኘሁም።»

«ታዲያ ይሄ አንዱ ምን ይጨምራል?»

መጋዙ እያጓራ፣ ቆራጮቹ ቆመው እየጠበቁ፣ ዶክተሯ ከዛፉ ላይ ቀስ ብላ ተላቀቀችና የተቆረጠው ጉቶ ላይ ተቀመጠች። «እውነቱን ነው» አለች ለባሏ። «በቃ፣ የለችም። ልፈርምና እንሂድ።»

ጋዜጠኛው የሚጠይቀው ነገር ፈለገ። አጣ። ለመጀመሪያ ጊዜ አንድም ቃል አልመጣለትም። እጁ ግን ልማዱን ያውቃል፤ ጭውውት ሲያልቅ የሚያደርገውን አደረገና መቅጃውን ከፈተ።

«ጌታዬ» አለው ፎርማኑን፣ «ለሬዲዮ ነው። የቦታውን ዝምታ ትንሽ ልቅዳ። መጋዙን አጥፉልኝ፤ ማንም አይናገር።»

ፎርማኑ ትከሻውን ሰበቀና በእጁ ምልክት ሰጠ። መጋዙ ጠፋ።

ሁሉም ባሉበት ቆሙ። ጉሙ ከሸለቆው ወጥቶ በእግራቸው መሀል ያልፋል፤ ትኩሱ የእንጨት ዱቄት ይሸታል። ጋዜጠኛው ማዳመጫውን አድርጎ ዓይኑን ጨፈነ። የቅጠል ጠብታ፣ የአንድ ሰው ትንፋሽ። ከዚያ ከቅጠሉ ውስጥ እጅግ የቀጠነ ነገር ብቅ አለ፤ ተነሣ፣ ተንቀጠቀጠ፣ ተቆረጠ። እንደገና ተነሣ። ዓይኑን ሲገልጥ መጋዝ የያዘው ጎረምሳ ቀና ብሏል። ከጎኑ ያለውም ቀና ብሏል። ፎርማኑ እንኳ አንገቱን ወደ ዛፉ አዙሯል። ባልና ሚስቱ ብቻ መሬት መሬት ያያሉ።

ጎረምሳው አላስቻለውም። «እትዬ» አለ ቀስ ብሎ፣ «ይቺ ምን ወፍ ናት?»

«የቷ?» አለች ዶክተሯ።

«ይቺ፣ አሁንም የምትጮኸው።»

ዶክተሯ ጎረምሳውን አየችው። ጋዜጠኛውን አየችው። ፊቷ ላይ ያለው ነገር ፍርሃት ነበር፤ ወንዙም ጎሹም ያላመጡት ፍርሃት።

ጋዜጠኛው ተንበርክኮ ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ አደረገላትና የቀዳውን ከፈተላት። በሁለት እጇ ደግፋ አዳመጠች፤ ራሷን ነቀነቀች። «የጠብታ ድምፅ ነው ያለው። ሌላ ምንም የለም።»

ባልየው አጠገቧ ጉቶው ላይ ተቀመጠ።

«የእኔን ጆሮ የስፌት መኪናው ድሮ ነው የበላው፤ እኔን ተይኝ» አለ። «ግን ስሚ። መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት ያቃተኝ ጊዜ ትዝ ይልሻል? ክሩን ስረግም ከረምኩ። የዘንድሮ ክር ወፍራም ነው፣ የዘንድሮ መርፌ ቀዳዳ የለውም እያልኩ ሱቅ ቀየርኩ። ዓይኔ ነው እስክል ከስንት ሰው ጋር ተጣላሁ።»

የዶክተሯ እንባ ወረደ፤ አልጠረገችውም።

ያኔ ነው ጋዜጠኛው ውሃ ውስጥ ሆኖ የሰማው ወፍራምና ቀርፋፋ ድምፅ ትዝ ያለው። ቴክኒሻኑ በሥራ መሀል ሲደብረው የእሱን ድምፅ ዝግ አድርጎ እያጫወተ፣ በሬ አስመስሎት ይስቅበት ነበር። መቅጃውን ወሰደና ቀጭኑ ድምፅ እንዲወፍር ፍጥነቱን በግማሽ አወረደው። አንዴ እንደገና ከፈተላት።

መጀመሪያ ምንም አልሆነችም። ቀጥሎ አፏ ቀስ ብሎ ተከፈተ። እጇ ተነሣና የባሏን ጉልበት ያዘ። ማዳመጫው ውስጥ መርፌ ወፍራ፣ ዝግ ብላ፣ ከእንቅልፍ እንደነቃ ሰው እየተንጠራራች ትዘፍን ነበር፤ አነሣሧ፣ መንቀጥቀጧ፣ አቆራረጧ ግን ያው የድሮው ነው።

«ጠፋሽ እኮ» አለቻት ዶክተሯ። «የት ከርመሽ ነው?» አለችና ሳቅና ለቅሶ ተደባለቀባት።

ማዳመጫው ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ባልየው ሰማ፤ ዕድሜውን ሙሉ ሲነገረው የኖረውን ድምፅ ገና አሁን መስማቱ ነው። ጎረምሳው ሰማ። ፎርማኑ መጨረሻ ላይ ሰማና ማዳመጫውን በጥንቃቄ መለሰ። ቀይ ቀለም የተቀባውን ዛፍ ለአፍታ ተመለከተ። «ልጆች፣ ዕቃ ሰብስቡ» አለ።

ሲመለሱ ወንዙ ጎድሎ ጀልባዋን ራሱ ይዟት ይወርድ ነበር። መቅዘፍ አላስፈለገም። ባልየው አንገቱን ደፍቶ ያንቀላፋል። ጋዜጠኛው መቅጃውን ከፍቶ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ።

«ዶክተር፣ ስንመጣ የጠየቅሁዎትን ልድገመው። ወፏ ባትኖር ኖሮ ምን ይሆኑ ነበር?»

ዶክተሯ እጇን ውሃው ውስጥ ነከረች። አንድ መታጠፊያ አለፉ። ሌላም አለፉ። ጥያቄዎች ጉሮሮው ላይ ተሰለፉ፤ ዋጣቸው።

«የልጅ ልጅ አለችኝ» አለች በመጨረሻ። «አፏን ከፈታች ትንሽ ጊዜዋ ነው። በስልክ ስታወራኝ አታቆምም። ድምጿ ቀጭን ነው። እኔ እሺ የኔ እናት፣ እሺ እላታለሁ። እሺ እያልኩ ነው የከረምኩት።» ውሃው ከጣቶቿ ላይ ተንጠባጠበ። «የምትለኝን አንድም ቀን ሰምቼው አላውቅም። መስመሩ ነው፣ ስልኩ ነው እያልኩ… ከተማ ስንገባ መጀመሪያ ሐኪም ቤት እሄዳለሁ። ከዚያ እሷ ጋ ሄጄ፣ ያልሽኝን ሁሉ ከመጀመሪያው ድገሚልኝ እላታለሁ።»

ጋዜጠኛው «እሺ» ሊል አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው። ጀልባዋ ዝም ብላ ወረደች፤ መቅጃው እየቀዳ ነበር።