በላይ ኪስ የተገኘው መነጽር

አዛርያስ የወደቀው ረቡዕ አመሻሽ ላይ ነው። ወይዘሮ ማንተግቦሽ ስትደርስ ሬሳው ፍሌሚንግተን ሰፈር ካሉት የኮሚሽን ፍላቶች፣ ከመንግሥት የኪራይ ፎቆች፣ ባንዱ ሥር፣ መኪና ማቆሚያው ከሣሩ በሚገናኝበት ሲሚንቶ ላይ፣ ሸራ ለብሶ ተንጋሎ ነበር። ዝናብ ያካፋል።

ፖሊስ የጠራት ለማስተርጎም ነው። አዲስ አበባ ሳለች የወንጀል መርማሪ ነበረች፤ እዚህ ግን እንጀራዋ የሰውን ቃል ካንዱ አፍ ተቀብሎ ለሌላው ጆሮ ማድረስ ሆነ። ሁለቱ ሥራዎች ያስተማሯት አንድ ነገር ነው፤ ሰው ተናግሮ እስኪጨርስ መታገሥ።

ሰርጀንት ዶኔሊ ሸራውን ገለጥ አደረገላት። «ታውቂዋለሽ?»

«አውቀዋለሁ። አዛርያስ ይባላል። ስምንተኛ ፎቅ ከእህቱ ጋር ነው የሚኖረው።»

«የወደቀውም ከዚያው ነው፤ ልብስ ከሚሰጣበት በረንዳ። ራሱን ነው የጣለው። መነጽሩን እይው፤ አውልቆ፣ አጥፎ፣ የላይ ኪሱ ውስጥ ከቶታል። ለመሞት የቆረጡ ሰዎች እንዲህ ሲያደርጉ አይቻለሁ።»

ማንተግቦሽ ጎንበስ አለች። የሸሚዙ ኪስ ክዳንም ቁልፍም የለውም። መነጽሩ ላይ ደግሞ አንዲት ስንጥቅ አልነበረችም።

«ምንም አልሆነም» አለች።

«ዕድለኛ መነጽር» አለ ሰርጀንቱ።

«እባክህ በእጅህ ሳትነካው ለብቻው አሽገው።»

ሰርጀንቱ አየት አደረጋት። ብዙ ቀን አብረው ሠርተዋል፤ ይህች ሴት ያለ ምክንያት አፏን እንደማትከፍት ያውቃል። «እሺ። ግን እስከ ዓርብ ብቻ ነው። ዓርብ መዝገቡን እዘጋለሁ።»

የሟቹ እህት አምለሰት ሰንሻይን ዌስት ካለው ፋብሪካ የፀጉር መሸፈኛዋን እንኳ ሳታወልቅ መጣች። አላለቀሰችም። በቀጥታ ሄዳ ቀድመው የደረሱት የጸሎት ኅብረቷ መሪ ፓስተር ጳውሎስ ፊት ቆመች።

«ይቀብሩታል አይደል ፓስተር? በጉባኤው ፊት፣ እንደ ወንድም?»

ፓስተሩ መሬት መሬት አዩ። «እህቴ፣ ጌታ ያጽናሽ። ራሱን ያጠፋ ሰው ግን...»

«ራሱን አላጠፋም!»

«ፖሊሱ ያለውን ሰምተሻል።»

አምለሰት ወደ ማንተግቦሽ ዞረች። «እትዬ፣ እርስዎ ይንገሯቸው።»

 ማንተግቦሽ እጇን ያዘችላት።

ነገሩ የሚጀምረው ከኮሪያ ነው። በዚያው ዓመት፣ በፈረንጆቹ በሺህ ዘጠኝ መቶ ዘጠና ስድስት፣ በሕንፃው ምድር ቤት አዳራሽ የሚሰበሰበው ኅብረት ሴኡል አጠገብ ወዳለ የጸሎት ተራራ አራት ሰዎች ላከ፤ ፓስተር ጳውሎስን፣ ዘማሪዋን ዜማን፣ ወጣቱን አገልጋይ ሶሬሳንና አዛርያስን። እዚያ እያንዳንዱ ሰው ኮረብታው ውስጥ በተሠራች ጠባብ ክፍል በሩን ዘግቶ ብቻውን ይጾማል። ሶሬሳ ሲመለስ በጉባኤው ፊት ቆሞ መሰከረ፤ ሰባት ቀን ከውኃ በቀር ምንም አልቀመሰም፤ በስድስተኛው ቀን ጌታ ዜማን ሚስትህ ናት ብሎ አሳየው። ሰው አለቀሰ፣ እልል አለ። ሠርጉ ተቆረጠ። ለመጪው እሁድ ደግሞ ሽማግሌ ሆኖ ሊሾም ነበር።

አዛርያስ በበኩሉ ከተራራው እየወረደ አውቶቡስ ይሳፈር ነበር። ሴንት ኪልዳ ባሕር ዳር ባለው አሮጌ የእንጨት ሮለር ኮስተር፣ በሀዲድ ሽቅብ ተጎትቶ ቁልቁል በሚወረወር የመጫወቻ ባቡር፣ ከተሳፈረ ጀምሮ ልቡን የጣለው እዚያ ነው። ኮሪያ ሲደርስ ከጸሎቱ ይልቅ የመዝናኛ ፓርኮቹ ሀዲድ ጠራው።

«ተቆጥቼው ነበር፤ አልዋሽም» አሉ ፓስተር ጳውሎስ በማግስቱ። «ሰው ውቅያኖስ ተሻግሮ ሮለር ኮስተር ሲሳፈር ይከርማል? ሲመለስ ደግሞ ማፈር የለ! ትልቁ ላይ ሰባት ጊዜ ወጣሁ፣ ፊተኛው ወንበር ላይ፣ ከመቀመጫዬ ተነሥቼ ተንሳፈፍኩ እያለ ልጆቹን ያስቃል። ከአገልግሎት አገድኩት። ለዚህ ነው ረቡዕ ለጸሎት ያልወረደው።»

«እታች ማን ማን ነበር?»

«ያው ሁላችን። እኔ፣ ዜማ፣ ሶሬሳ፣ ሌሎቹም። ከተጀመረ እስኪያልቅ ማንም አልወጣም።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«እንዴ፣ እህት ማንተግቦሽ! እዚያው ነበርኩ እኮ።»

ዜማን ያገኘቻት አዳራሹ ውስጥ ወንበር ስትደረድር ነው።

«አዛዬ ቀድሞ ጠይቆኝ ነበር፣ ከሶሬሳ በፊት» አለች ዜማ። «ዕድሜ ልክሽን ከጎኔ ያለውን ወንበር እይዝልሻለሁ አለኝ። ጋብቻ እንዲህ ተብሎ ይጠየቃል? ሳቅኩበት።» አሁንም ልትስቅ ሞክራ ዕንባዋ ቀደማት። «እትዬ፣ በእኔ ምክንያት ይሆን?»

«ሶሬሳ ረቡዕ የት ነበር?»

«ከጎኔ። እንደ እሳት ነበር የሚጸልየው። ድምፁ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ ነው።»

ሶሬሳ መሃል ከተማ አንድ የቢሮ ሕንፃ ይጠብቃል። ሬስኮርስ ሮድ ላይ ትራም ሲጠብቅ ደረሰችበት። ትሑት፣ ንጹሕ፣ ሰላምታ የሚያውቅ ልጅ ነው። ወዲያው ተነሥቶ ቦታውን ለቀቀላት።

«ተቀመጥ ልጄ፣ አልቆይም። አዛርያስን ምን አገኘው ትላለህ?»

«ከፍታ መውደዱ ነው የጨረሰው እትዬ። የዜማም ነገር ልቡን ሰብሮታል። ኮሪያ ሳለን ያን ቀን ባቡሩ ጫፍ ላይ ቆሞ፣ በዚያ ቀጭን የብረት ደረጃ እየደገፉ ሲያወርዱት እንኳ ከፍታ አልበቃውም። እንዲህ ያለ ሰው በረንዳ ላይ ብቻውን ሲቆም ምን እንደሚያስብ ማን ያውቃል?»

«እውነት ነው። አንተ ተራራው ላይ ሰባቱንም ቀን ጾምክ?»

«ሰባቱንም። ክብር ለጌታ ይሁን።»

«አሜን» አለች ማንተግቦሽ።

ትራሙ መጣ። ሶሬሳ አንዲት አሮጊት ፈረንጅ ደግፎ አሳፈረና ተከትሎ ገባ።

ስምንተኛ ፎቅ የአዛርያስ ክፍል ግድግዳ አይታይም፤ የፓርክ ካርታ በካርታ ላይ ተለጥፎበታል። የኮሪያዎቹ ከአልጋው በላይ ናቸው። ጽሑፉን ማንበብ ባይችልም የየሀዲዱን መውጫና መውረጃ በቀይ እስክሪብቶ ተከትሎታል።

«መነጽሩን ሲሳፈር የት ያደርገው ነበር?» አለች ማንተግቦሽ።

አምለሰት ከመሳቢያ ውስጥ የሱሪ ወገብ ላስቲክ አወጣች፤ ሁለት ጫፉ ላይ ቀለበት ተሰፍቶበታል። «በዚህ ከማጅራቱ ጋር ያስረዋል። ከላይ ኪስ የተቀመጠ ዕቃ ከሁሉ ቀድሞ ይበራል ይል ነበር። አንዱን መነጽሩን ሴንት ኪልዳ እንዲህ ነው ያጣው።»

«ያለ መነጽርስ ያያል?»

«የበሩን ቁልፍ ቀዳዳ አያገኝም።» አምለሰት ላስቲኩን ጣቷ ላይ ጠመጠመችው። «እትዬ፣ ለማንም አትንገሪ ብሎኝ ነበር። ሰባት ጊዜ ያለው ውሸት ነው። ትልቁ ላይ አንዴም አልወረደም።»

ማንተግቦሽ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች።

«ለመጨረሻ ቆጥቦት ነበር። ፊተኛው ወንበር ደርሶት ተቀመጠ። ሰንሰለቱ ቀጭ ቀጭ እያለ ወደ ላይ ሲጎትታቸው ከደስታ ብዛት አለቅስ ነበር አለኝ። ጫፍ ሲደርሱ ነፋሱ በረታና አቆሙት። ብዙ ተቀመጡ፤ በኋላ በደረጃ አወረዷቸው። የሮለር ኮስተር ሰው በእግሩ ሲወርድ! ይስቁብኛል ብሎ ዋሸ።»

«ይህን ለማን ለማን ነገረ?»

«ለእኔ ብቻ። ማልልኝ ብሎ አስምሎኝ።»

«እዚያ ጫፍ ላይ ሆኖ ሰው አየ?»

አምለሰት ደነገጠች። «እንዴት አወቁ? እታች እዚያ መገኘት የሌለበት ሰው አየሁ አለኝ። ማን ነው ብለው እንቢ አለ። እስከ እሁድ ራሱ እንዲናገር ጊዜ ሰጥቼዋለሁ፤ ያን ዕለት እኔም የራሴን ውሸት እናገራለሁ አለ።»

ማንተግቦሽ ተነሥታ ወደ በረንዳው ወጣች። ገመዱ ላይ የአዛርያስ ሸሚዝ ብቻውን ተሰጥቷል። ሌላው እርጥብ ልብስ ገና ከዘንቢሉ አልወጣም ነበር። ከዚያ ወርዳ ለሰርጀንቱ ስልክ ደወለች።

ዓርብ አመሻሽ ላይ ሁሉም አዳራሹ ውስጥ ተሰበሰቡ። ሰርጀንት ዶኔሊ ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር ኋላ ቆመ።

«ፓስተር፣ ረቡዕ እንደጸለያችሁ እንጸልይ» አለች ማንተግቦሽ። «እያንዳንዱ የረቡዕ ቦታውን ይያዝ።»

ዓይኖች ተጨፈኑ፣ እጆች ተነሡ። መጀመሪያ ማንሾካሾክ ነበር፤ ቀስ በቀስ ድምፅ ከድምፅ ላይ ተደራርቦ አዳራሹን ሞላው። የሚያለቅስ ያለቅሳል፣ በልሳን የሚናገር ይናገራል። ከብዙ ጊዜ በኋላ ፓስተሩ «አሜን!» ሲሉ ሁሉም ዓይኑን ገለጠ።

አምለሰት መሃላቸው ቆማለች። በእጇ እርጥብ ሸሚዝ ይዛለች። አንዷ ሴት ጮኸች።

«ከየት መጣች?» አሉ ፓስተሩ።

«እኔ ነኝ ያመጣኋት» አለች ማንተግቦሽ። «ከመሃላችሁ ወጣሁ፣ በሊፍት ስምንተኛ ፎቅ ደረስኩ፣ ሸሚዙን ከገመድ አውርደን አብረን ተመለስን። ማን አየኝ?»

ማንተግቦሽ ወደ ፓስተሩ ዞረች።

«ረቡዕ ማንም አልወጣም ብለውኝ ነበር፣ ፓስተር።»

ፓስተር ጳውሎስ ተቀመጡ። «ዓይኔን ጨፍኜ ነበር» አሉ በቀስታ።

«እኔም ስጸልይ እጨፍናለሁ። ጌታ ፊት ቆመን ጎረቤታችንን አንጠብቅም፤ ይህ ደግ ነው። ክፋቱ፣ ያላየነውን አየን ብለን ቃል መስጠታችን ነው። ይህን ያደረግነው ከጸሎት መካከል ተነሥቶ ሰው የሚገድል ይኖራል ብሎ ማሰብ ስለከበደን ነው።»

«እኔ ግን ድምፁን...» አለች ዜማ።

«መቼ ሰማሽው? ሲጀመር? ሲያልቅ? መሃል ላይስ?»

የዜማ እጅ ወደ አፏ ሄደ። «መሃል ላይ... ሁላችንም እንጮኻለን።»

ማንተግቦሽ ድምፅዋን ሳትጨምር ቀጠለች። «አዛርያስ ሊሞት አልወጣም። ለመሞት የቆረጠ ሰው ልብስ ማስጣት አይጀምርም። መነጽሩም ከስምንተኛ ፎቅ ክፍት ኪስ ውስጥ ሆኖ፣ ሳይበር፣ ሳይሰበር አይወርድም። ኪሱ የገባው ከወደቀ በኋላ ነው። ያስገባው ሰው መነጽሩን እላይ በትግል መሃል አግኝቶ፣ ይዞት ወርዷል። ለምን ገደለው? አዛርያስ ሀዲዱ ጫፍ ላይ ባቡሩ በነፋስ ቆሞበት እያለ፣ እታች ተራራው ላይ ይጾማል የተባለ ሰው አየ። በእግሩ መውረዱን ለእህቱ ብቻ ነው የነገራት። ለእናንተ ሰባት ጊዜ ወጣሁ ነው ያለው። ለእኔ ግን ትናንት አንድ ሰው፣ በቀጭን የብረት ደረጃ እየደገፉ አወረዱት ብሎ ነገረኝ። ይህን ሊያውቅ የሚችለው እታች ቆሞ ያየ ብቻ ነው።»

«ራሱ ነግሮኝ ነው!» አለ ሶሬሳ። ስሙን ገና ማንም አልጠራውም ነበር።

ፊቶች ሁሉ ወደ እሱ ዞሩ።

«ይሁን» አለች ማንተግቦሽ። «እንግዲያው መነጽሩ ላይ ያለው የአውራ ጣት አሻራ ይናገር። የአዛርያስ አይደለም ተብሏል። ሰርጀንቱ የሁላችንንም አሻራ ይወስዳል።»

ፓስተር ጳውሎስ ቀድመው እጃቸውን ዘረጉ። ዜማ ዘረጋች። ሌሎቹም አንድ በአንድ ዘረጉ። ሶሬሳ ሁለቱንም እጆቹን ብብቱ ውስጥ ደበቀ።

«አንድ ሳህን ኑድል ነበር» አለ በመጨረሻ። ድምፁ የሌላ ሰው ይመስላል። «ረኃቡ አቃተኝ። ከተራራው ወርጄ ያገኘሁት አውቶቡስ ላይ ወጣሁ፤ የማያውቁኝ ሰዎች መሃል ልብላ ብዬ። የፓርኩ በር ላይ አወረደኝ። እየበላሁ ሰው ሁሉ ወደ ላይ ሲያይ ቀና አልኩ። እሱ ፊተኛው ወንበር ላይ ተቀምጦ ወደ እኔ ያያል።»

«ረቡዕስ?»

«ልለምነው ነው የወጣሁት። ማርያምን... ጌታን ልለምነው ነው። ልብስ ያሰጣ ነበር። አትፍራ፣ እኔም ዋሽቻለሁ፣ እሁድ አብረን እንቆምና እንናገር አለኝ። ትከሻዬን ሊይዝ እጁን ዘረጋ። ገፋሁት። መነጽሩ እጄ ላይ ቀረ።»

«ከዚያስ?»

«ወርጄ፣ እንዳይገኝብኝ ኪሱ ከተትኩለት። ተመልሼ ገባሁ። አሜን ሲባል ደረስኩ።»

ዜማ ተነሣች። «የወረድከው በስንተኛው ቀን ነው?»

ሶሬሳ ወደ መሬት አቀረቀረ።

«ስድስተኛው ቀን ነው፣ አይደል? ጌታ እኔን አሳየኝ ያልክበት ቀን።»

ሰርጀንቱ ያለ አስተርጓሚ ገባውና ወደ ፊት መጣ።

አዛርያስ በሳምንቱ በጉባኤው ፊት ተቀበረ። መነጽሩ ለፍርድ ቤት ስለተያዘ አምለሰት ላስቲኩን ብቻ እጁ ላይ አስራለታለች። ፓስተር ጳውሎስ «ወንድማችን» አሉት፤ ደገሙትም። ከዚያ «እንጸልይ» አሉ።

ሰው ሁሉ ዓይኑን ጨፈነ። ማንተግቦሽም ጨፈነች፤ ግን ጸሎቱ አልመጣላትም። ቀስ ብላ ስትገልጥ አምለሰት ቀጥ ብላ ቆማ፣ ዓይኗን ከፍታ፣ የጸሎተኞቹን ፊት አንድ በአንድ ታያለች። ፓስተሩም አልጨፈኑም ነበር። አምለሰት ዓይኗ እሳቸው ላይ ደርሶ እስኪያልፍ ድረስ፣ አንገታቸውን ሳይደፉ ጠበቁ።