የሰባተኛው ፎቅ ድስት

ድካምን ሁሉም ሰው በየራሱ ያውቀዋል። የእሷ ከእግር ጣቶቿ ነው የሚጀምረው። ላውንደሪ ቤት ውስጥ ቀኑን ሙሉ በእንፋሎት ተቀቅላ፣ የሰው ሸሚዝ ስትተኩስ ትውልና፣ እግሯ ማበጡ የሚታወቃት አውቶቡስ ላይ መቀመጫ ያገኘች ቀን ነው። መቀመጫ ካላገኘች አይታወቃትም፤ መቆምም እንግዲህ አንድ ጥቅም አለው።

ቤቷ ሰባተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ከአባቷ ጋር ትኖራለች። አባቷ ዕድሜ ልካቸውን አውቶቡስ ሲነዱ ኖረው፣ ጡረታ በወጡ ማግስት ዳሌያቸው እምቢ አላቸው። ከዘራቸውን ይዘው ከመኝታ ቤት እስከ ሳሎን፣ ከሳሎን እስከ ሊፍቱ በር ይሄዳሉ፤ ደረጃ ግን አይሞክሩም። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ልጃቸውን «እማዬ» ነው የሚሏት። እሷም እንደ እናት ትቆጣቸዋለች።

ማታ የምትሠራው ራት አንድ ዓይነት ነው። ቋሊማውን ቆራርጣ ድስቱ ውስጥ ትጠብሰዋለች፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት፣ ቀጥሎ የቲማቲም ድልህ፣ ቀጥሎ የተፈጨ ቀይ ቃሪያ ያለ ርኅራኄ ትጨምርበታለች። ፓስታውን ለሁለት ሰብራ እዚያው ላይ ትበትነውና ውኃ ከላዩ አንድ ጣት ከፍ እስኪል ታፈስበታለች። ማጥለያ የለ፣ ሁለተኛ ድስት የለ፣ የሚታጠብ የዕቃ ክምር የለ፤ ውኃውን ፓስታው ራሱ ይጠጣዋል። ችግሩ፣ ካላማሰሉት ከሥር ይይዛል። ስለዚህ ቆማ የዋለች ሴት ራት እስኪደርስም ትቆማለች።

ቃሪያውን የምታበዛው ወድዳ እንዳይመስላችሁ። ምላሷ ካልተቃጠለ ሹካዋን እንደያዘች እንቅልፍ ይጥላታል።

አንድ ማክሰኞ ሊፍቱ ቆመ። ፌስታሏን ይዛ ደረጃውን እየረገመች ወጥታ ስትጨርስ፣ ከቤታቸው በር ፊት ለፊት አንድ ረጅም ሰው በደረቱ ተኝቶ አገኘች። አንድ ክንዱ እስከ ብብቱ ድረስ ሊፍቱ ሥር ገብቷል።

«ሞቷል ወይስ ተኝቷል?»

«እየሠራ ነው፤ ድምፅሽን ቀንሺ» አሉ አባቷ። ወንበር አውጥተው፣ ከዘራቸውን ጉልበታቸው መሐል አቁመው፣ እንደ አለቃ ሥራ ይቆጣጠራሉ።

ሰውዬው አንገቱን ቀና አደረገ። ግንባሩ ላይ ግራሶ ተለጥፏል። «ይቅርታ፤ ተሻግረሽኝ እለፊ። እጄን ካወጣሁ ብሎኑ ጉድጓድ ይገባብኛል።»

ልትሻገረው እግሯን ስታነሳ ፌስታሉ ተቀደደ። ፓስታው ጀርባው ላይ ዘነበ፤ ቋሊማው ማጅራቱ ላይ አረፈ። ሰውዬው አልተንቀሳቀሰም።

«ለእኔ ነው?» አለ በቁም ነገር።

ሳቀች። ከሳቀች ስንት ጊዜ እንደሆናት ስላላስታወሰች ራሷም ደነገጠች። ፓስታውን ከጀርባው ላይ ስትለቅም ዐይን ለዐይን ተያዩ። አባቷ ግን ሁሉንም አዩ።

ሊፍቱ ሲሠራ «እንግዲህ ጀርባህ ላይ ያረፈውን ሳትበላማ አትሄድም» ብለው አስገቡት። የመጀመሪያ ጉርሻውን ሲውጥ ጆሮው ቀላ፣ ቀጥሎ እንባው መጣ።

«ምነው፣ ሰው ሞተብህ?» አለችው።

«የሚያቃጥል አልችልም።»

«ታዲያ ለምን ትበላለህ?»

«ርቦኛላ!»

ሳህኑን ጠርጎ በላ። የሚያውቁት ሁሉ ይህን ሊፍት ጠጋኝ «መሰላል» ነው የሚሉት፤ ለቁመቱ ነው። የሊፍት ሰው መሰላል መባሉን ሲሰማ «ሥራዬን ሊያሳጡኝ ነው» ብሎ ይስቃል እንጂ አይቆጣም።

ከዚያ በኋላ ሊፍቱ አመል አወጣ። ሳምንት ሠርቶ ይቆማል፤ ሁልጊዜም ሰባተኛ ፎቅ ላይ፣ በሩን እንደከፈተ። መሰላል ተጠርቶ ይመጣል፤ ይጠግናል። እሷ ከሥራ ስትመለስ አንዳንዴ ሊፍቱ ገና አልተጠገነምና በደረጃ ትወጣለች፤ ሌላ ጊዜ ሳሎን ውስጥ ከአባቷ ጋር ካርታ ሲጫወት ታገኘዋለች። አባቷ ድሮ ይነዱበት ስለነበረው መስመር ሲያወሩ፣ እሱ የሰማውን ታሪክ እንደገና እንዳልሰማ ሆኖ ይጠይቃቸዋል።

አንድ ምሽት ምድጃው አጠገብ ቆማ ስታማስል መጥቶ ማማሰያውን ከእጇ ወሰደ።

«ቁጭ በይ።»

«ከሥር ይይዛል።»

«ብሎን የሚያጠብቅ ሰው ፓስታ ማማሰል አያቅተውም። ቁጭ በይ አልኩሽ እኮ።»

ወጥ ቤቱ ውስጥ ያለችው ብቸኛ በርጩማ ላይ ተቀመጠች። እናቷ ከሞቱ ወዲህ ቁጭ በይ ያላት ሰው አልነበረም። ጫማዋን አወለቀች። እንፋሎቱ መሐል የቆመውን ረጅም ጀርባ እያየች፣ ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ፣ እዚያው በርጩማ ላይ ወደደችው። ከድካሟ የተነሳ ልትከላከል እንኳ አልሞከረችም።

ስለ ፍቅር አላወሩም። መሰላል ወሬ አያበዛም፤ እሷም ማታ የሚተርፋት ቃል ጥቂት ነው። አንድ ቀን ግን በሩ ላይ ቆሞ፣ የመሣሪያ ቦርሳውን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው እያዛወረ፣ «ሊፍቱ ባይበላሽም ብመጣ ምን ትያለሽ?» አላት።

«እስቲ እናያለን» አለች። በሩን ዘግታ ግንባሯን አስደግፋው ብዙ ቆመች። ደስ ብሏት ነበር።

ደስታው ግን ከአንድ ሌሊት አላለፈም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ ሕንፃው ሁሉ የሚያወራውን እሷ ብቻ አልሰማችም ነበር። በማግስቱ ሊፍቱ ደግሞ ቆሞ፣ ወደ ደረጃው ስታመራ የሕንፃው ኃላፊ ምድር ቤት ላይ አስቆመቻት።

«እንዳትቀየሚኝ እህቴ። የጥገና ድርጅቱ ጠይቆኝ ነው። የሌላው ሕንፃ ሊፍት በዓመት አንዴ ነው የሚበላሸው። የእኛ በየሳምንቱ፣ ያውም እናንተ በር ላይ። ሰውዬው ራሱ እያበላሸ ራቱን በልቶ ይሄዳል ነው የሚሉት። አንቺን ማለቴ አይደለም...»

ደረጃውን ወጣች። ሁለተኛው ፎቅ ላይ አላመነችም። አራተኛው ላይ ለመተንፈስ ቆመች፤ ያኔ ማመን ጀመረች። ሰባተኛው ላይ ስትደርስ እግሯ ሳይሆን አንጀቷ ነበር የሚቃጠለው። በእኔ እግር ነው ሲጫወት የከረመው?

በደረጃ ስትወጣ መሰላል ሊፍቱን ጠግኖ ጨርሶ ወጥ ቤት ገብቷል፤ እሷ እንድታርፍ ድስቱን ጥዶ ያማስላል። አባቷ በርጩማው ላይ ተቀምጠዋል።

«ሊፍቱን የምታበላሸው አንተ ነህ?»

ማማሰያው ቆመ። «እኔ አይደለሁም።»

«ታዲያ ማን ነው?»

አባቷን አየ። አባቷ ግድግዳውን አዩ።

«እኔኮ ቀኑን ሙሉ ቆሜ ነው የምውለው! በእነዚህ እግሮች ሰባት ፎቅ ስታስወጣኝ ከርመህ፣ ደግሞ ቁጭ በይ ትለኛለህ? ውጣልኝ!»

መሰላል ከሥር እንዳይዝ እሳቱን አጠፋ፤ ማማሰያውን ክዳኑ ላይ ቀስ አድርጎ አስቀመጠ። ሊፍቱን ገና አሁን ጠግኖት ሳለ በደረጃ ወረደ።

የዚያን ቀን ራት ማንም አልበላም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ሊፍቱ እንደገና ሲቆም የመጣው ሌላ ጠጋኝ ነበር፤ አጭር፣ ወፍራም፣ ተነጫናጭ። ደረጃውን ወጥታ ስትደርስ ከበሩ ሐዲድ ውስጥ በጉጠት አንድ ነገር አውጥቶ መዳፏ ላይ አኖረላት።

«ይቺን እዚህ የሚወትፈው ማን ነው? በሩ አልዘጋ የሚለው በእሷ ነው። ጓደኛዬም ስንቴ አውጥቷል መሰላችሁ። እሱን ማስጠንቀቂያ ሰጥተው ከተማው ማዶ ወዳለው የቢሮ ሕንፃ አዛወሩት፤ ይኸው እኔ ደግሞ ገባሁበት!»

የጎማ ቁራጭ ናት፤ አረንጓዴ። አረንጓዴውን ታውቀዋለች። የገዛችው እሷ ናት፤ የአባቷ ነጠላ ጫማ ነው።

ገብታ ጫማውን አነሳችው። የቀኝ እግሩ ተረከዝ አይጥ እንደበላው ሆኗል።

«አባዬ!»

አባቷ ጫማውን ሲያዩ ከዘራቸውን አጥብቀው ያዙ። መካድ አልሞከሩም።

«ለእኔ ብለህ ነው? ልታጋባን?»

«እንዲያ ብዬሽ ብገላገል ደስ ባለኝ» አሉ። «ግን ውሸት ነው። ለራሴ ነው፣ እማዬ። ጠዋት ትወጫለሽ፤ ማታ ትመጫለሽ፤ በልተሽ ትተኛለሽ። አልፈርድብሽም፤ የምትለፊው ለእኔ ነው። ቀኑ ግን አይገፋም። ያ ልጅ ሲመጣ ስለ መንገድ ይጠይቀኛል፤ የቱ ጋ እንደምታጠፍ፣ የቱ ጋ ፍሬን እንደምይዝ። እንደገና ሰው የሆንኩ ይመስለኛል።»

«ሰባቱን ፎቅ በእግሬ እንደምወጣስ?»

«በሩ ላይ ቆሜ እሰማሽ ነበር።» ወደ ተቆራረጠው ጫማ አዩ። «በየፎቁ ቆመሽ ስትተነፍሺ እሰማ ነበር። ደግሜ አላደርገውም እላለሁ፤ ሰኞ ይመጣና ደግሞ ቤቱ ጭር ይላል።»

«እሱ ያውቅ ነበር?»

«ገና በሁለተኛው ጊዜ ነው ያወቀው። ጎማውን ኪሱ ከተተና ‹አባባ፣ ጫማዎ አለቀብዎት እኮ፤ ቢደውሉልኝ እመጣለሁ› አለኝ። ብቸኛ ነኝ ብሎ መደወል ነውር መሰለኝ።»

«በእኔ ፊት ሲወነጀል ዝም ያልከውስ?»

«ፈራኋ! እሱ ሄዶ አንቺም ብትጠዪኝ ማን ይቀረኛል?»

ተናደደች፤ አለቀሰች፤ እንደገና ተናደደች። ከሁሉ የከፋባት ግን ሌላ ነበር። አባቷን ስታበላ፣ ስታለብስ፣ መድኃኒታቸውን ስታቀርብ ኖራ፣ አንድም ቀን እንዴት ዋልክ ብላ መልሱን ቁጭ ብላ አለመስማቷ ታወቃት። ያን ማታ ድስት ሳትጥድ አጠገባቸው ተቀመጠችና «እስቲ መስመርህ ላይ ባለችው ቁልቁለት ፍሬን የምትይዘው የቱ ጋ ነበር?» አለቻቸው። አባቷ ማውራት ጀመሩ። ዐይኗ እየተጨፈነባትም ቢሆን እስከ መጨረሻው ሰማቻቸው።

ቅዳሜ የግማሽ ቀን ሥራዋን ጨርሳ ድስቱን ጣደች። ሲበስል በፎጣ ጠቅልላ አቅፋው፣ አጭሩ ጠጋኝ ወደነገራት የቢሮ ሕንፃ የሚሄድ አውቶቡስ ተሳፈረች። ሽታው ወንበር ለወንበር ዞረ። አንዲት ወፍራም ሴትዮ «የኔ እህት፣ የት ነው የምትወርጂው? አብሬሽ ልውረድ» አሏት።

የቢሮው ሕንፃ በዚያ ሰዓት ጭር ብሏል። መሰላል ሦስተኛው ፎቅ ላይ ከሊፍቱ ጉድጓድ አፍ እጁን እየጠረገ ሲወጣ አየችው። ከሥቶ ነበር፤ ወይም ሲናፍቁት የከረሙት ሰው እንደዚያ ይመስላል።

«ይቅርታ» አለች፣ ድስቱን እንዳቀፈች። መንገድ ላይ ያዘጋጀችው ብዙ ነበር፤ የቀራት ግን ይኸው ነው። «አባቴ ነገሩኝ። ሁሉንም።»

«አባባ ደህና ናቸው?»

እንባዋ ያን ጊዜ መጣ። «መጀመሪያ እሳቸውን ነው የምትጠይቀው?»

ደረጃው ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ማንኪያውን ሰጠችው።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ምን ብዬ? እግርሽ አብጦ ቆመሽ ስታማስዪ እያየሁ፣ ‹አባትሽን ብቸኝነት ገደላቸው› ልበልሽ? ራስሽን ትጠዪ ነበር።»

«አንተን ጠላኋ።»

«አየሁት።»

«አመመህ?»

«እንዴታ! በጣም እንጂ።» ድስቱን ከፈተና አንድ ማንኪያ ሙሉ ጎረሰ። ጆሮው ወዲያው መቅላት ጀመረ።

«ስማኝ» አለች እጇን እያየች። «እኔ ተኳኩዬ የምንሸራሸርበት ጉልበት የለኝም። የምሽት ወሬም የለኝም፤ መሐል ላይ እተኛለሁ። ያለኝ አንድ ድስትና አንድ አባት ነው፤ ሁለቱንም ትቼ የትም አልሄድም። እወድሃለሁ። ግን ደክሞኛል፤ ነገም ይደክመኛል። እንደዚህ ሆኜ ትመጣለህ?»

ሊመልስላት ሲል ቃሪያው ጉሮሮው ላይ ያዘው። አሳለው፤ እንባውን ጠረገ፤ እንደገና አሳለው። እስኪለቀው ልትጠብቅ ራሷን ወደ ግድግዳው ልታስደግፍ አዘነበለች፤ ያረፈችው ግን ትከሻው ላይ ነው።

ስትነቃ ደረጃው ላይ የነበረው ፀሐይ ሄዷል። ድስቱ ባዶ ነው። ከታች አንድ ሰው «መሰላል! መሰላል!» እያለ ይጣራል፤ እሱ አቤት አላለም። እሷ የተደገፈችበት ክንዱ ከመደንዘዙ የተነሳ ጣቶቹ እንደተከፈቱ ቀርተዋል።

«ምን አልከኝ?» አለች በእንቅልፍ ድምፅ።

«ገና አልመለስኩልሽም። ተኛሽብኝ እኮ።»

«እንግዲያው አሁን መልስልኝ።»

«እኔም እኮ ደክሞኛል» አለ። «አብረን እንድከም።»

ራሷን ቀና ልታደርግ ሞከረች፤ ከዚያ ተወችው።